የሳቅነውም ያለቀስነውም እኛ ነን፦ ከአራት ቀን በኋላ ስለወረደው የፍቅር ፊልም ግልጽ ደብዳቤ

በመሃል አዲስ አበባ ለሚገኘው፣ እሁድ እሁድ ለምንመላለስበት ሲኒማ ቤት አስተዳደር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በ11 ሰዎች ስም ነው። ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሦስት ጡረተኞች ነን። ዝምድና የለንም። ያገናኘን የእናንተ የትኬት መስኮት ነው። ሰልፍ ላይ ስንተያይ ሰላምታ ጀመርን። ከዚያ አብረን መቀመጥ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ቡና። እንዲህ ስንል ስድስት ዓመት ሆነን።

የሲኒማ ቤቱን ስም አልጻፍኩም። ቅሬታችን ከአሠራሩ ጋር ነው። እናንተ ደብዳቤው የተጻፈው ለእናንተ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኞ አንድ የአገር ውስጥ የፍቅር ፊልም ማሳየት ጀመራችሁ። ፖስተሩ ለ14 ቀናት፣ በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ይላል። ዓርብ ጠዋት ፖስተሩ ላይ አንዲት ነጭ ወረቀት ተለጠፈች። «በተመልካች ጥያቄ መሠረት ይህ ፊልም ተነሥቷል» ትላለች።

ተመልካቹ እኛ ነን። እኛ አልጠየቅንም።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ትኬት ቆራጮቻችሁ «የአሮጊቷ ፊልም» ይሉት ነበር። ሴትዮዋ ስልሳ ዓመት የተጠጋት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ደጇ ላይ በስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ ትሰፋለች። ሰውየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ይዋደዳሉ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ የለም። የሚያስቅ ጓደኛ የለም። ሆስፒታል አልጋ ላይ የሚነገር ምስጢር የለም፣ በጥፊ የሚመታም ሰው የለም። መጨረሻ ላይ ሠርግ እንኳ የለም። ስለዚህ ሰው ግራ ቢጋባ አይገርምም። እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

እኔ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት፣ ረቡዕና ሐሙስ። የማስተምረው በጠዋት ፈረቃ ስለነበር 8 ሰዓት ላይ መድረስ ችያለሁ። ወሬው ቀድሞ ስለደረሰን ከቡድናችን ሰባታችን እሁድን ሳንጠብቅ ሄድን። አዳራሹ ውስጥ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ። ቢሯችሁ ፎቅ ላይ ስለሆነ ለእናንተ የደረሳችሁ ጫጫታው ብቻ ይመስለኛል።

ረቡዕ ፊልሙ ከተጀመረ 20 ደቂቃ ሳይሞላው ሳቅ ተነሣ። ሴትዮዋ ዓይኗ ደክሟል። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አቅቷታል። ሰውየው በዚያ ሲያልፍ ያያትና «አምጪው» ይላታል። ይሞክራል። የሱም ዓይን ደክሟል። መነጽሯን አውልቃ ትሰጠዋለች፣ አድርጎ ይሞክራል፣ አሁንም እምቢ። ይህ ሁሉ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ንግግር ነው የሚሆነው። ብዙ ይቆያል። ከኋላዬ ያሉ ልጆች «ኧረ ጣሉት መርፌውን!» ብለው ጮኹ። ሌላው «እማማ፣ የጎረቤት ልጅ ይጥሩ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ሰውየው የክሩን ጫፍ በከንፈሩ አረጠበ። እሷ መርፌውን ያዘች፣ እሱ ክሩን። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። አዳራሹም ዋጠ። ክሩ ሲገባ ጭብጨባው ቀለጠ። መጀመሪያ ያጨበጨበው «ጣሉት» ያለው ልጅ ነበር።

ሌላም ልጨምር። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ወደ ልጅቷ ወላጆች ነው። እዚህ ፊልም ውስጥ ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ወደ ሴትዮዋ ልጅ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሶፋ ላይ ተደርድረው፣ ጢሙን ላሳደገ ጎልማሳ «እናትህን ለጋብቻ ስጠን» ይሉታል። አንድ ሰውዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ «አትስጥ!» አለ። ከወዲያኛው ረድፍ አንዲት ሴት «አንተ ምን አገባህ!» ብላ መለሰችለት። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ያፏጫል። ልጁ ግን ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ከአዳራሹም ቀስ በቀስ ድምፅ ጠፋ። ከጎኔ የተቀመጡ ጎልማሳ መሐረባቸውን አወጡ።

መጨረሻው ደግሞ ይኸውላችሁ። ልጁ እሺ ይላል፣ እሷ ግን ሠርግ አልፈልግም ትላለች። ቤቷንም አትለቅም። ማታ ማታ ግን ሁለት ስኒ ታቀርባለች፣ በሯንም ገርበብ ታደርጋለች። እዚህ ላይ ነው የተጮኸው። «ታዲያ ተጋቡ ወይስ አልተጋቡም?» «ገንዘባችንን መልሱ!» እንደሰማነው ሦስት ሰዎች ትኬት መስኮቱ ድረስ ሄደው ገንዘባቸውን ጠይቀዋል። «የተመልካች ጥያቄ» ያላችሁት ይህ ከሆነ፣ እኛ ሦስት ሰው ሳይሆን በሁለት ቀን አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ነው ያየነው።

የአዲስ አበባ ሰው ፊልም ሲያይ ዝም አይልም። ተዋናዩን ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ «ዞር በል ከኋላህ ነው» ይለዋል። ሁላችንም እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። በዚህኛው ፊልም ላይ ደግሞ ይሉኝታ ተጨመረ። እናትን የሚያህል ሴት ስትወድ በሰው መሃል ተቀምጦ ማየት ያሳፍራል። ያፈረ ሰው ይስቃል። ጎን ለጎን የተቀመጠ የማያውቀው ሰው ምን ይለኝ ይሆን ብሎም ይስቃል። ያን ሳቅ ንቀት ነው ብላችሁ ፈረዳችሁበት። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሰምታችሁ የቀረውን አልሰማችሁም።

ቅሬታችን ከዚህ ይጀምራል።

ፊልሙን ስታወርዱ ማንንም አልጠየቃችሁም፣ ለማንም አልተናገራችሁም። እሁድ የመጡት አራት አባሎቻችን ወሬውን የሰሙት በሩ ላይ ነው። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ነበረች፣ ሳትተኛ ነው የመጣችው። ከጡረተኞቹ አንዷ ታላቅ እህታቸውን ከኮልፌ በሁለት ታክሲ ይዘው መጥተዋል። እህትየው ሲኒማ ቤት ከገቡ ዘመን አልፏል። «የኛን ዕድሜ ሰው ፊልም እናሳይሽ» ተብለው ነው የመጡት። ጥበቃው «ኮሜዲ አለ፣ እሱን እዩ» አላቸው። ተመልሰው ሄዱ። ሁለቱ ተማሪዎች ደግሞ ትኬታቸውን ቀድመው በሞባይል ከፍለው ገዝተዋል። ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰላቸውም። የሚያናግራቸውም አላገኙም።

«ሰው አልገባም» እንደምትሉ እንገምታለን። የትኬቱን ገቢ ከፕሮዲውሰሩ ጋር እንደምትካፈሉ እናውቃለን። ባዶ ወንበር እንደሚያከስርም ይገባናል። ግን ሰዓቱን አስቡት። በሥራ ቀን 8 ሰዓት ላይ ማን ይገባል? ኮሜዲው የቅዳሜና የእሁድ 11 ሰዓት ተሰጥቶታል። ያም ሆኖ ሐሙስ ዕለት ከረቡዕ የበለጠ ሰው ነበር። ረቡዕ ያየ ሰው ለሌላው ነግሮ ነዋ! ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሴቶች የመጡት ረቡዕ ያየችው እህታቸው «ሂዱና እዩ፣ ከዚያ እንጣላለን» ብላ ልካቸው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፊልም የሚሰማው ከአፍ ወደ አፍ ነው። ወሬው ገና መንገድ ላይ ሳለ በሩን ዘጋችሁት።

መብራቱን ደግሞ ማንሣት አለብኝ። ሁለቱንም ቀን ፊልሙ ሳያልቅ መብራት በርቷል። ሁለቱ ስኒዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ከውጭ የእግር ኮቴ ይሰማል። ልክ እዚያ ላይ መብራቱ ቦግ አለ። ጥበቃዎቹ የመውጫውን በር ከፍተው «አለቀ፣ አለቀ» ማለት ጀመሩ። አላለቀም ነበር! ኮቴው የማን እንደሆነ ያየነው፣ በበራ መብራት ስክሪኑ ነጥቶ፣ በሚወጣ ሰው ትከሻ መሃል ተንጠራርተን ነው። «መጨረሻ የለውም» ብለው ገንዘብ ከጠየቁት ሰዎች ውስጥ መጨረሻውን ሳያዩ የወጡ እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የፊልሙን መጨረሻ የወሰደባቸው መብራቱ ነው።

አሁን የምጽፈው ከሁሉም በላይ ያመመኝን ነው። ሐሙስ ዕለት ከእኛ ሁለት ረድፍ ፊት አንድ አባትና እናት ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ፀጉራቸው ነጭ ነው። ሽማግሌዎቹ በሚላኩበት ትዕይንት ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ጥበቃው መጥቶ የእጅ ባትሪ እጃቸው ላይ አበራ። «አባባ፣ እዚህ ሥነ ሥርዓት ያስፈልጋል» አላቸው። አባትየው ቀስ ብለው «ሚስቴ ናት» አሉት። ጥበቃው ባትሪውን አጥፍቶ ሄደ። ይቅርታ አላለም። እናትየው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። እስከ መጨረሻው አላወጡትም። ስንወጣ ደረጃው ላይ አገኘናቸው፤ የ40 ዓመት ባልና ሚስት ናቸው። በዚያ ዕድሜ መዋደድ አያሳፍርም የሚል ፊልም እያሳያችሁ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት የተቀመጡትን አሳፈራችኋቸው። ጥበቃውን አልከስም። የታዘዘውን ነው የሠራው። ያዘዘው ሰው ግን እንዲያስብበት እንፈልጋለን።

ከፊልሙ በኋላም እንዲሁ ነው። ሐሙስ ሲያልቅ ሰው አልሄደም። ደረጃው ላይ ቆሞ መከራከር ጀመረ። እኔ በስድስት ዓመት እንዲህ ዓይነት ነገር አላየሁም። ትውውቅ የሌለው ሰው ለሌላው «እናትህ ብትሆንስ?» ይለዋል። አንዱ ወጣት «ነውር ነው፣ ለልጆቿ ማሰብ ነበረባት» አለ። የባንክ ሠራተኛው ጓደኛችን «ልጆቿ እኮ ጎልማሶች ናቸው» አለው። አንድ አባት ደግሞ ስለ ሕጉ አነሡ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለጋብቻ መነሻ ዕድሜ 18 ዓመት አስቀምጧል፤ ጣሪያ ግን አላበጀለትም አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ ግን በጥሩ ሳቅ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላን ጥበቃዎቹ «መንገድ አትዝጉ» ብለው በትነውናል። የሚቀጥለው ኮሜዲ የሚጀምረው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። መንገዱ ባዶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ፣ ከፊልም በኋላ ቁጭ ብለን የምንከራከርባቸው ቤቶች አብረው ሄደዋል። ስለ ልማቱ ለመናገር አይደለም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ማለት የፈለግሁት፣ ያየነውን የምንነጋገርበት ቦታ ጠቦብናል። የእናንተ ደረጃ ከቀሩን ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

ያን ዕለት ከደረጃው ስንባረር ሰባት የምንሆን ሰዎች አንድ ካፌ ገባን። ከእኛ ጋር አንዲት ወጣት ተከትላን መጣች። አዳራሹ ውስጥ ከሁሉም በላይ ስትስቅ የነበረች ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ለይቼዋለሁ። ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም። ከዚያ ነገረችን። አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እናቷ ሰሞኑን ስልክ ሲደወልላት መኝታ ቤት ገብታ በር ትዘጋለች። ልጅቷ አንድ ቀን ተቆጥታ «በዚህ ዕድሜሽ?» አለቻት። እናትየው ከዚያ ወዲህ ስልኳን አጥፍታ ነው የምታድረው። «ያ ልጅ ሶፋው ላይ ዝም ሲል የሳቅሁት ማልቀሴ እንዳይታይ ነው» አለችን። ከዚያ አለቀሰች። ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛችን አቀፈቻት። እሁድ እናቷን ይዛ እንደምትመጣ ነግራን ተለያየን።

እሁድ ፊልሙ አልነበረም። መጥተው ተመልሰው እንደሆነ አላወቅንም። ስልኳን አልተቀበልናትም ነበር።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ «ከባህላችን ይወጣል» የሚል አስተያየት ደርሷችሁ ከሆነ እሱንም በግልጽ እንነጋገርበት። ይህች ከተማ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቷን «ሰይጣን ቤት» ብላ ነበር የጠራችው። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው አይቶ የማያውቅ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን በሩ አልተዘጋበትም። ገባ፣ አየ፣ ለመደ። የአገራችን የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው ደግሞ የ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው። ርዕሱን ተመልከቱት። በየቤቱ በሹክሹክታ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው የፊልም ስም የሆነው። የዚህ አገር ሲኒማ የጀመረው ሰው አደባባይ ላይ ማንሣት የሚፈራውን በማንሣት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 የፈጠራ ሥራን ነፃነት አስፍሯል፣ ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። እናንተ መንግሥት አይደላችሁም፣ የምታሳዩትን የመምረጥ መብት አላችሁ። ይህን አንክድም። ግን ያልጠየቅነውን በእኛ ስም አትጻፉ።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። መሃሉ ይጎተታል። ድምፁ አንዳንድ ቦታ ላይ አይሰማም፣ የሰውየው ታሪክም በደንብ አልተነገረም። ከእኛም ሁለቱ ፊልሙን አልወደዱትም። የታክሲ ሹፌሩ ጓደኛችን «ሠርግ የሌለው ፍቅር ለኔ አይዋጥልኝም» ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከረናል። ይህን ደብዳቤ ግን እሱም ፈርሟል። «አልወደድኩትም፣ ግን አይቼው ነው ያልወደድኩት» ነው ያለው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ፊልሙ ፖስተሩ ላይ ለተጻፉት ለቀሩት አሥር ቀናት ይመለስ። ከእነዚህም ውስጥ ቢያንስ አንድ ቅዳሜና አንድ እሁድ 11 ሰዓት ላይ ይታይ። በዚያ ሰዓት ሰው ካልገባ እኛ ሁለተኛ አንናገርም። ትኬት ቀድመው የገዙ ሁሉ ገንዘባቸው ይመለስላቸው፣ ወይም በሌላ ቀን ይግቡበት። ያቺ ነጭ ወረቀት ትነሣ። ወደፊት ፊልም ስታወርዱ ከሦስት ቀን በፊት በሩ ላይ አሳውቁን፣ እውነተኛውን ምክንያትም ጻፉ። ገቢ ከሆነ ገቢ በሉ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አልፎ እስኪያልቅ መብራት አይብራ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ለጥበቃዎቹ የማያሻማ መመሪያ ይሰጣቸው። ሰው የሚረብሽ ተመልካች ካለ ይናገሩት። እጅ ለእጅ የተያያዘን ሰው ግን ወጣትም ሆነ አዛውንት አይንኩት። ያን አባትና እናት ዳግም ብታገኟቸው ይቅርታ ጠይቁልን። ሐሙስ ዕለት ከመሃሉ ረድፍ በስተቀኝ ነበር የተቀመጡት። ትኬት ቆራጯ ታስታውሳቸዋለች።

ከፊልም በኋላም ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ፍቀዱልን። ቢቻል በወር አንድ እሁድ፣ አዳራሹ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ ተመልካች ስላየው ፊልም የሚነጋገርበት ጊዜ ይኑር። አወያይ ከእኛ መሃል በነፃ እናቀርባለን። ወንበሩን መልሰን እናስተካክላለን፣ ቆሻሻውንም እናነሣለን።

ምላሻችሁን በወረቀትም ሆነ በቃል እንቀበላለን። በሚቀጥለው እሁድ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ሁልጊዜው ትኬት መስኮቱ ጋ እንሰለፋለን። ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር ብትመጣ እንድናገኛት ቀደም ብለን ነው የምንደርሰው።

ከአክብሮት ጋር፣

የእሁድ ከሰዓት በኋላ ቋሚ ተመልካቾች ቡድን ጸሐፊ
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት
አዲስ አበባ